ዓይኗን በመግለጧ ስለተሰጣት ማስጠንቀቂያ

ለተከበሩ አቶ ዳኘ፣
የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የእኛ የነርሶች ጭንቀት እርስዎን ክፉኛ ማስጨነቁን ስለሰማን፣ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም ሙሉ ጤንነት እንመኛለን። ጭንቀታችንን ለማቃለል ስላዘጋጁልን «ዘና የማለት ስልጠና» ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

1. ተረኛ ነርስ ይጨመርልን ብለን ደጅዎን ስንጠና፣ ችግራችን የሰው እጥረት ሳይሆን የአተነፋፈስ ጉድለት መሆኑን ስለደረሱበት እናመሰግናለን። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን በአፍንጫ ስበን ቀስ ብለን በአፍ ብናስወጣ ኖሮ ይበቃን ነበር።

2. ዘና ማለትን በአንድ ለአምስት አደራጅተው፣ ያልተረጋጋውን ጓዱ እንዲያጋልጠው ማድረግ ከእርስዎ በቀር ለማን ይታሰባል? እኔ አዳር ሠርቼ ስለመጣሁ ወዲያው አንኮራፋሁና ሞዴል ተባልኩ። ላጨበጨቡልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

3. ለስልጠናው የተጋደምንባቸው ፍራሾች ከጤና ጣቢያችን ማዋለጃ ክፍል የተነሱ ነበሩ። ዓይናችንን ጨፍነን የወንዝ ድምፅ እንድናስብ በታዘዝንበት ሰዓት፣ ከሌሞ ገጠር በጋሪ የመጣች ምጥ የያዛት ሴት ከግድግዳው ወዲያ በባዶ የሽቦ አልጋ ላይ ትጮህ ነበር። የማዋለጃ ክፍሉ ነርስ ሲስተር ትርፊት ዓይኗን ገልጣ ተነሳች፤ ፍራሿን ተሸክማ ሄዳ አዋለደቻት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው፤ በሪፖርትዎ ውስጥ ስላልተጠቀሰ ነው የማስታውስዎ።

በማግስቱ ግምገማ ላይ «ራሷን ማረጋጋት ያቃታት ባለሙያ ሕዝብ አታረጋጋም» ብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት። በዚያች ሰዓት አፈርኩ፤ በእርስዎ አፈርኩ፣ ዝም ብለን ባዳመጥነውም በሁላችን። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው እንዲነሳላት፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ዓይናችንን እንደጨፈንን የቀረነው በሙሉ እንድንቀጣ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

የትንፋሽዎን ርዝመትና የወንበርዎን ምቾት እየተመኘሁ፣
በእርስዎ አመራር ተኝቶ ጭብጨባ ለማግኘት የበቃው፣
ነርስ ነህምያ ሽብሩ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልጨርስ ሲስተር ትርፊት መልቀቂያዋን አስገብታለች። አሁን ደህና እንቅልፍ እንደሚወስዳት፣ የቆየ ራስ ምታቷም እንደተዋት ባለቤቷ አጫውቶኛል። ከስልጠናው ወዲህ ከጭንቀት ነፃ የወጣችው ነርስ እሷ ብቻ ስለሆነች፣ እባክዎ በውጤትነት ያስመዝግቧት። የማዋለጃ ክፍሉ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሰው የለውም፤ ለሚመጡት እናቶች በጥልቀት መተንፈስን እርስዎ ያስተምሯቸው።