ቤት ነው ተብሎ ስለተፈረደበት ፒክአፕ መኪናዬ

ይድረስ ለተከበሩ ባላምባራስ ኃይለመለኮት፣ በሆሳዕና ለሰፈራችን አጥቢያ ዳኛ፣ ለእኔም ለልብስ ሰፊው የአጥር ጎረቤት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ፤ ይልቁንም አንገትዎ እንደምን ሰነበተ? ሦስት ዓመት ሙሉ በአጥራችን ላይ ተመዝዞ ግቢያችንን ሲጠብቅልን የኖረ አንገት ነውና፣ እኔና ባለቤቴ አስናቀች ብርታቱን ይስጠው ብለን ሳንጸልይለት ያደርንበት ቀን የለም። እኛ ተመስገን ነው፤ እንዲያውም ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛልና ጽሕፈቴ ቢወላገድ ይቅርታዎ አይለየኝ።

አንደኛ፤ ዱራሜ ላይ ዶሮ እንቁላል የሚጥልበትን ያን አሮጌ ፒክአፕ ገዝቼ በበሬ አስጎትቼ ባመጣሁ ጊዜ፣ መርፌ የያዘ ሁሉ መካኒክ ሊሆን ነው ብለው በሰፈሩ ፊት ስለመረቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ምርቃትዎ ደርሶ ሞተሩን ፈታሁት፤ መልሼ ስገጥመው ብሎን ተረፈኝ፤ እንደገና ፈትቼ ገጠምሁት፤ አሁንም ተረፈኝ። በመጨረሻ አንድም ሳይተርፈኝ ሲቀር አስናቀችን አቅፌ በግቢው ውስጥ እስክስታ መታሁ፤ ይህንንም እንዳዩ አውቃለሁ።

ሁለተኛ፤ መቀመጫውን በቃጫ ሞልቼ የጥጃ ቆዳ ስላለበስሁት፣ በመስኮቱ ባለ አበባ መጋረጃ ስለሰቀልሁለት፣ የኋላውን ሣጥን ከዝግባ ሠርቼ ቀይና ቢጫ ስለቀባሁት፣ መኪና ነው ወይስ የሙሽራ ጫጉላ በማለት ለለገሱኝ የሙያ ምክር ውለታዎን መክፈል አልችልም። ከኋላው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብዬ ስጽፍ ግን፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ማንንም አላሰብሁም ነበር፤ እኔን ነው ብለው በአደባባይ የጮኹት ራስዎ ነዎት።

ሦስተኛ፤ ወደ ታላቁ ፍርድዎ ልምጣ። መኪናው አሮጌ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከአጥርዎ ሥር ያለ ፈቃድ ቤት ሠርተሃል ተብዬ ተከሰስሁ። ከሳሹም እርስዎ፣ ዳኛውም እርስዎ በመሆንዎ ጉዳዩ ሳይጓተት ጣራና በር ኖሮት በድንጋይ ላይ የቆመ ነገር ሁሉ ቤት ነው ብለው ፈረዱ። ይግባኝ አላልሁም። ባለፈው ዓርብ አዲስ ጎማ ተገጥሞለት ሞተሩ ተነሥቶ ከብቶችዎን ባስበረገገ ጊዜ ደግሞ፣ ነገሩ እስኪታይ ከቤትህ ውልፍት እንዳትል የሚል ጥብቅ ትእዛዝ ሰጡኝ።

እዚህ ላይ፣ ጌታዬ፣ ቀልዱን ልተወው። ልጃችን ትርፊት ሾኔ ላይ ወልዳ ሕፃኗ ነገ ክርስትና ትነሣለች። አስናቀች ወገቧ የበቅሎ ጉዞ አይችልም፤ የልጅ ልጇን እስከ ዛሬ በዓይኗ ያላየች አያት ናት። ያን ሁሉ ብሎን ስፈታና ስገጥም የኖርሁት ለዚች ቀን መሆኑን ያውቁ ነበር። እያወቁ ከለከሉን፤ እርሷም ለአራሷ ያነጠረችውን ቅቤ ታቅፋ አለቀሰች። ይህ አንጀቴን አሳርሮታል።

ቢሆንም እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ። ከቤትህ አትውጣ ተብያለሁና አልወጣሁም። ዛሬ ማለዳ ቤቴ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ እነሆ እስካሁን ቤቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ቤቴ ፎንቆን አልፎ አሁን ቦኖሻ ገበያ ዳር ቆሟል፤ የሞተሩ ውሃ እስኪበርድ ነው እንጂ ድካም እንዳይመስልዎ። ኧረ ዳገቱን ሲወጣ ማጓራቱን ቢሰሙት! አስናቀችማ በየመንደሩ ክላክሱን እኔ ካልነፋሁ እያለች መሪውን ልታስጥለኝ ነው፤ እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዘመኔ!

ይህን ደብዳቤ ወደ ሆሳዕና የሚመለሱት ነጋዴው አቶ አህመድ በዚያው በሆሳዕና ገበያ መካከል ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ አደራ ሰጥቻቸዋለሁ። የሚደሰት ሰው እንደማይጠፋ ተስፋ አለኝ።

ትእዛዝዎን እንደ ዓይኔ ብሌን እየጠበቅሁ፣ አንገቴን ደፍቼ እጅ በመንሣት፣ ከቤቴ ውልፍት ያላልሁት ታማኝ ጎረቤትዎ፣

ብዙነህ ወልደኪዳን፣ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፤ ባለቤትዎን ወይዘሮ ወለተ ማርያምን በየጎረቤቱ እንዳይፈልጓቸው። የሕፃኗ ክርስትና እናት እርሳቸው ናቸውና፣ ጎሕ ሲቀድ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበራችን ቆመው አገኘናቸው፤ አሁን በመስኮቱ በኩል መጋረጃውን ገልጠው አገር እያዩ ነው። መቼ ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ ብዬ በትሕትና ብጠይቃቸው፣ ይሄኛው ቤት ተስማምቶኛል አሉኝ።