አንድ ቁጥር ለማን

ውድ ወንድሜ ሩዋሪ፣

«ይቺ ልጅ በምን ልቧ ነው ከገዛ አጎቷ ጋር ለምክር ቤት የምትወዳደረው?» ሳትል አልቀረህም። መልሱን ከመንገሬ በፊት ግን፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ ተሻለህ? እዚያ በርገን ከተማ ዝናቡ እንደኛው ነው? መርከቡ ላይስ እንቅልፍ ይወስድሃል? እኔን እንኳ ከወሰደኝ ሰነበተ።

አጎታችን ፋርኩሃር ለአዲስ ዓመት «በምክር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት በቃኝ» ብለው ነበር። ትምህርት ቤታችን የቀሩት ልጆች ሰባት ብቻ ናቸው ተብሎ ሊዘጋ ነው። የሚናገርልን ሰው ከሚጠፋ ብዬ በመጨረሻው ቀን በጠዋቱ ጀልባ ሄጄ ተመዘገብኩ። ለማንም አልተነፈስኩም፤ ያልሆነን ነገር ቀድሞ ማውራት በኛ ዘንድ ጉራ እንደሆነ ታውቃለህ። አጎታችንም ማንም ያልቀረበ መስሏቸው፣ እንደኔው ለማንም ሳይናገሩ፣ በከሰዓቱ ጀልባ ሄደው ተመዘገቡ። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስማችን ከላይና ከታች ተደርድሯል። ስምን ከዝርዝሩ የማሰረዣው ሰዓት ደግሞ አልፏል።

መቀመጫው ሦስት፣ ተወዳዳሪው አራት ነው። ሁለቱ የከተማ ሰዎች ማለፋቸው አይቀርም። የሚወድቀው ከኛ ቤት ነው።

መቼም በምርጫ ወረቀቱ ላይ ለምታስቀድመው አንድ፣ ለሚከተለው ሁለት ብለህ ነው የምትጽፈው። በየደጁ ሳንኳኳ ሁሉም ሻይ ያቀርብልኛል፤ ሁሉም «ሁለትን አንነፍግሽም» ይለኛል። በአዳራሹ ስብሰባማ አጎታችን ወንበራቸው ላይ አንቀላፍተው ሳለ፣ ጎረቤታችን አክስት ኤፊ ተነስታ «ትናንት ንፍጥሽን የጠረግኩልሽ ልጅ፣ ዛሬ መንገዴን ልትጠግኚልኝ?» አለችኝ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ብወድቅ ትምህርት ቤቱ ይተርፋል ብዬ አላምንም፤ እሳቸው ደክመዋል። ባልፍ ደግሞ አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደጉንን ሰው በአገር ፊት የጣልኳቸው እኔ ነኝ። የቱ እንደሚብስብኝ አላውቅም።

ትናንት እንደ ወትሮው ደርቆ እንደ ማገዶ የሚነደውን የረግረግ አፈር ልንቆርጥ ወጣን፤ እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እኔ እየተቀበልኩ እጥላለሁ። መንገደኛው ማንን ቀድሞ ሰላም እንደሚል ግራ ገብቶት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አጎታችን ቀና ሳይሉ «እኔ አንድ የምጽፈው ለአንቺ ነው» አሉኝ። እኔም «እኔ ደግሞ ለእርስዎ» አልኳቸው።

«እንግዲያማ እኩል ለእኩል ሆንን። የቀረው የሩዋሪ ነው» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ባለፈው ምርጫ ያለፉት በአሥራ አንድ ድምፅ ብልጫ ነው፤ ዘንድሮ ልዩነቱ ከዚያም ያንሳል ይባላል።

ወኪልህ ሆኜ በስምህ የምመርጠው እኔ ነኝና በአንተ ወረቀት ላይ ለራሴ ብጽፍ የሰረቅኩህ ይመስለኛል፤ ለእሳቸው ብጽፍ ደግሞ እነዚያን ሰባት ልጆች በፍርሃት ጥዬ የሸሸሁ።

እናታችን ትስምሃለች፤ እሷ ለማን እንደምትጽፍ ጠይቀናት ሳህን ማጠብ ጀመረች። አጎታችን «ጉልበቱን በሱፍ ይሸፍን» ይሉሃል። ለባለቤትህ ለሲግሪድና ለልጃችሁ ለትንሿ ሊቭ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

በስልክ ያልነገርኩህ ድምፄን ሰምተህ እንዳታዝንልኝ ነው። አዝነህ ሳይሆን አስበህ፣ የምርጫው ቀን ሐሙስ ሜይ አምስት ሳይደርስ መልስልኝ፤ አንድን ለማን ልጻፍልህ?

እህትህ ኢሽቤል
ኪልቫግ፣ ስኮትላንድ
እሑድ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2022