የተረታ ይጠርጋል

ጥቅምት 4
ፈተና ሳርም ዋልኩ። ጥያቄው ያው የየዓመቱ ነው፤ ፈጣሪ አለ ለማለት ከሚቀርቡት ክርክሮች አንዱን መዝኑ። አንዱ ተማሪ «ልብስ ካለ ልብስ ሰፊ አለ» ብሎ ጀመረ። የአባባ ክርክር... ከየት አመጣው? ክፍል ውስጥ አምልጦኝ ይሆናል።

ጥቅምት 6
የአባባን ልብስ ስፌት ቤት ለአከራዩ ላስረክብ ሄድኩ። ካረፈ ስድስት ወሩ። መቁረጫ ጠረጴዛው በበሩ አልወጣ ብሎ ብንገለብጠው፣ የድሮው የጠመኔ ምልክት ከሥሩ እንዳለ አለ። በአንድ ወገን የአባባ ጭረቶች፣ በሌላው የጋሽ ምላጩ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ምላሱ ነው።

ልጅ ሳለሁ ሁለቱ ቅዳሜ ከሰዓት ፈጣሪ አለ፣ የለም ይባባሉ ነበር። ዳኛዋ እኔ፣ ጠረጴዛው ላይ እግሬን አንጠልጥዬ። ያሸነፈ ይጭራል፤ የተረታ ቁርጥራጩን ጨርቅ ይጠርጋል። አባባ ልብስ ሰፊውን ሲያመጣ፣ ጋሽ ምላጩ «እሱንስ ማን ሰፋው?» ይላል። የማዳላው ለአባባ ነበር። እርጥብ ጨርቅ ላይ ያረፈ ካውያ ሽታ... እንዴት ናፈቀኝ!

ጥቅምት 7
የመጨረሻዋ ጭረት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት፣ ለዕረፍት መጥቼ። አዋቂነቴን ላሳይ ብዬ... «አባባ፣ ልብስ ሲሰፋ አይተናል። ዓለም ሲሰፋ ማን አየ?» ለጋሽ ምላጩ ፈረድኩ። አባባ መጥረጊያውን አነሳ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ተከራክሮ አያውቅም።

እምነቱን ነጠቅኩት ይሆን? ሃያ ዓመት ሙሉ ልጠይቀው ፈራሁ። አሁንስ ማንን?

ጥቅምት 8
ጋሽ ምላጩ አለ እኮ። ነገ።

ጥቅምት 9
እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሥራ ትቷል። የደንበኛ ወንበር ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ አገኘሁት። እየፈራሁ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ።

«በማግስቱ ላበሽቀው ብሄድ፣ ደስ ብሎት እየሰፋ ነው። ማስረጃዬን አግኝቻለሁ፣ ከእንግዲህ አልከራከርም አለኝ።»

ምን ማስረጃ? አልኩት።

«‹አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ አድርጋ የምትረታኝ ልጅ እንዲያው በአጋጣሚ ትገኛለች?› አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ መልስ አጣሁለት።»

ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገረኝም?

«በቀይ ታርምብኛለች ብሎ ይሆናላ።»

እዚያው ወንበሩ ሥር አለቀስኩ።

ጥቅምት 11
ክርክሩ ደካማ ነው። ተማሪ ቢጽፈው ከሃያው ስምንትም አልሰጠውም።

ቁልፉን ከማስረከቤ በፊት ጠመኔ ፈልጌ ከጠረጴዛው ሥር በአባባ ወገን አንድ ጭረት ጨመርኩ። ከዚያ መጥረጊያውን አነሳሁ።