ማንም እንዳሻው የሚጽፍበት የምርመራ ውጤት

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? የእርስዎ ጤና ከእኛ ይልቅ በተሻለ ቦታ እንደተቀመጠ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የእኛ ያለው ድረ ገጽዎ ላይ ነውና።

እኔ ለሱቆችና ለትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ፤ ይህን የምጽፍልዎ ግን እንደ ወንድም ነው። ታላቅ እህቴ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ በሆስፒታልዎ ናሙና ሰጥታ ነበር። ውጤቷን ቤቷ ቁጭ ብላ በስልኳ እንድታነብ ስላመቻቹላት ምስጋናዬ ይድረስዎ። አብረዋት ያነበቡትም ሁሉ ያመሰግናሉ።

አንደኛ፤ የታካሚዎችን ውጤት የያዘውን ፎልደር ከሰው ዓይን በተሰወረ የሰርቨሩ ክፍል በማኖር ፈንታ፣ የሕንፃችሁ ፎቶግራፍና የእንኳን ደህና መጣችሁ ጽሑፍ ከተሰቀሉበት ቦታ ማስቀመጥዎ ለግልጽነት ያለዎትን ፍቅር ያሳያል። የእህቴ የሥራ ባልደረባ የራሷን የደም ውጤት ልታይ ገብታ፣ ከአድራሻው ጫፍ ያለውን ቁጥር ብታጠፋው፣ የሁላችንም ስም ከነሕመማችን ተዘርግፎ ጠበቃት፤ ያየችውንም ለቢሮው ሁሉ አወራች። እህቴ ሰኞ ዕለት «የሚያሰጋ አይደለም» የሚል ውጤት አንብባ እፎይ ብላ ነበርና ሐሙስ ቢሮ ስትገባ ሁሉም አይዞሽ ሲሏት ግራ ገባት። ስልኳን ብትከፍት ውጤቱ «ካንሰር» ሆኗል።

ሁለተኛ፤ ከአንድ ሠራተኛዎ እንደተረዳሁት፣ ድረ ገጹ በተመረቀ ዕለት በክብር እንግዶች ፊት «ፈቃድ የለዎትም» እያለ አላሳይ ቢላችሁ፣ ፎልደሩን የማንበብም የመጻፍም ፈቃድ ለማንም ሰጥታችሁ ተገላገላችሁ። ለጊዜው ነው ተብሎም ነበር። እንግዶቹ አጨብጭበው ሄዱ፤ ፈቃዱ ግን እንደተሰጠ ቀረ። ስለዚህ በእንግዳ መቀበያው ነፃ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሁሉ፣ ያለ ይለፍ ቃል፣ የፈለገውን ሰው ሊያሳምምና ሊፈውስ ይችላል። እንዲህ ያለ ሥልጣን ለሐኪሞቻችሁ እንኳ ስለመሰጠቱ እጠራጠራለሁ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። የእህቴን ውጤት ማን እንደለወጠው የሚያውቅ የለም። ላቦራቶሪው አርሞት ይሁን፣ አንድ ሥራ ፈት ሲነካካ አበላሽቶት ይሁን፣ የሚለይበት መንገድ አልተተወልንም። ናሙናው አሁንም እጃችሁ ላይ ስላለ ሐኪም ደግሞ ይየው ብለን ለመንን። ቢሯችሁ ግን ትክክሉ ሲስተሙ ላይ ያለው ነው፣ ለድጋሚ ምርመራም ቀጠሮ የለንም ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለን። ሲስተሙ ላይ ያለው የትኛው ነው፣ የሰኞው ወይስ የሐሙሱ? ቀዶ ሐኪሙም የሐሙሱን ይዞ ቀን ቆርጧል።

እህቴ ልጆቿ እንዳይሰሟት መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፍታ ታለቅሳለች። እኔም ፈርቻለሁ፣ አልደብቅዎትም። ካንሰር ከሆነ ጊዜው እየሄደባት ነው፤ ካልሆነ ጤነኛ ጡቷ ሊቆረጥ ነው። በሙያዬ ብዙ የተበላሸ ድረ ገጽ አስተካክያለሁ፤ የተቆረጠ አካል ግን ወደነበረበት የሚመልስ አላየሁም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ፎልደሩ እንዲዘጋና ናሙናው ዳግም እንዲታይ ብቻ ነው። ለሁለቱም የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋል ተብያለሁ፤ ለሌላው ሁሉ የሰጡትን ፈቃድ ለእኛ እንደማይነፍጉን አምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያም ከሚበልጥ ሥጋት ጋር፣

ስሙን ከነሕመሙ ከድረ ገጽዎ ሊያገኙት የሚችሉት ታካሚዎ

ማስታወሻ፦ ትናንት እንግዳ መቀበያው ውስጥ ወረፋ ስጠብቅ የራሴን ውጤት ከፍቼ፣ ጢሙ የሸበተ ወንድ መሆኔ ሳይከለክለኝ «እርጉዝ» ብዬ ጻፍኩበት። ዛሬ ጠዋት ሆስፒታልዎ በስልኬ እንኳን ደስ አለዎት ብሎ፣ ሐኪም የሚያየኝን የማክሰኞ ቀጠሮ ላከልኝ። እባክዎ፣ ቀጠሮዬን ለእህቴ ይስጡልኝ።