የአጃ አገዳ ቀሚስ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ዝናብ። ንፋስ። ደግሞ ዝናብ። የሎሪ ቦት ጫማ ውስጥ ሸርጣን ጨመርኩ። ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ባይሆን ሁለት እጨምርለት ነበር።

ሽማግሌው ጊድዮን በአጥራችን አለፈ። ሲያየኝ ምራቁን ጢቅ! እኔም ጢቅ። የኔ ራቀ። ትምህርት ባልጨርስም ይህን እችላለሁ።

እህቴ ኦስላ የእሱን ልጅ ነው ያገባችው። ባሏ መርከብ ላይ ነው፤ እሷ አማቷ ቤት። በኦገስት ሴት ልጅ ወለደች። እኔ አክስቷ እስካሁን አላየኋትም! ለምን? አምና በሃሎዊን፣ በኦክቶበር መጨረሻው የጭምብል ምሽት፣ አንድ ሰው የሽማግሌውን ጭስ ማውጫ በእርጥብ አፈር ደፈነ። ቤቱ ታፈነ፤ እሱና ሚስቱ በካልሲ ሮጠው ወጡ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። «ያቺ ግርዚ ደጄን ብትረግጥ እግሯን እሰብራለሁ» አለ። ግርዚ እኔ ነኝ። ያየኝ አለ? የለም። ስለዚህ እኔ አይደለሁም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

አገኘሁት! በሃሎዊን ምሽት የአገዳ ልብስ ለብሶ፣ ፊቱን ሸፍኖ የመጣን ሰው ማንም በር አይዘጋበትም። ሽማግሌውም ቢሆን! ማንነትህን ካወቀ ፊትህን ትገልጣለህ፤ ካላወቀ ጨፍረህ ትወጣለህ። እኔ ደግሞ ሕፃኗን አይቼ።

አባቴ የአጃ አገዳ ሰጠኝ። ውሃ ውስጥ ነክሬ አለሰለስኩትና ጎነጎንኩ። ጣቶቼ ተላጡ። ቀሚስ፣ ካባ፣ ቀይ ሪባን ያለው ረጅም ቆብ።

ሎሪ፦ «የዶሮ ጎጆ መስለሻል።»

«አንተ ደግሞ የተበላሸውን እንቁላል።»

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

ድምፄ እንዳይታወቅ ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየሳብኩ ማውራት ተለማመድኩ። አባቴ በግ የታመመ መስሎት ወጣ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

ትናንት ከእነ ሎሪ ጋር አምስት ሆነን ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድን። በሩን በበትር መታን። ሽማግሌው ከፈተ። ፊቱ የኮመጠጠ ወተት። ኦስላ ጥግ ላይ፣ ሕፃኗ በብርድ ልብስ... ጨፈርን። ሎሪን ወዲያው አወቀው፣ በትልቅ እግሩ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቀሚሴን ይዞ ወደ መብራቱ ጎተተ። ዕድሜ ልኩን የአገዳ ቅርጫት የሠራ ሰው!

«ይሄ ጉንጉን ወደ ግራ ነው የዞረው። በዚህ አገር አንዲት ግራኝ አለች። ግርዚ!»

ስንት ቀን ስለፋ እጄ እንደሚያሳብቅብኝ አላሰብኩም። እኔን ደደብ!

«ውጪ!»

«ኧረ አባባ» አለች ኦስላ። «የታወቀ እንግዳ ሳይቀምስ ይወጣል? ልማዱን እርስዎ ሊያፈርሱት ነው?»

ጥርሱን አፋጨ። አንድ የአጃ ቂጣ ወረወረልኝ። «ብይና ጥፊ።»

ተቀመጥኩ። ኦስላ ሕፃኗን ጭኔ ላይ አደረገችልኝ። በዓለም ላይ እንደዚያ በዝግታ የተበላ ቂጣ የለም። ፍርፋሪ በፍርፋሪ።

«ጥርስ የለሽም?»

«አለኝ አባባ፣ ግን ሰነፎች ናቸው።»

እነ ሎሪ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ስሟ ማነው?» አልኩ። እስከዚያ ስሟን እንኳ የነገረኝ አልነበረም።

ኦስላ ሽማግሌውን አየችው። «ኢንጋ።»

የሚስቱ ስም። በፌብሩዋሪ የሞተችው። ሳል ነበረባት... ድሮም ነበረባት፣ አይደል? በዚያ ብርድ በካልሲ የወጣችው እሷ ነበረች።

የቀረውን ቂጣ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ይሄኛው ማሾፍ አልነበረም።

«ጨርሰሻል» አለ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ፊቴን ሳልሸፍን፣ በቀን ሄድኩ። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ግርዚ ነኝ።»

«ሂጂ!»

«ጭስ ማውጫውን የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

መቀርቀሪያውን ሲያጠብቅ ሰማሁ።

«አልሰማሁም።»

ደገምኩት።

«አልሰማሁም!»

ጮህኩ። ውሾች ተነሡ። አጥር የሚጠግነው አባቴ ቀና አለ፤ መዶሻው እጁ ላይ ቀረ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

«አሁን ሰማሁ» አለ ከውስጥ።

አልከፈተም። እኔም ክፈት አላልኩም።