ዝናብ ስጠብቅ ያለፈኝ ክረምት

ጅዳ፣ የካቲት 6 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ውብሸት
የጮራ የሀበሻ ልጆች ትምህርት ማዕከል ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የማዕከሉ መምህራንና የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። ማቀዝቀዣውን አብሬ መጠየቄ ከንቀት እንዳይቆጠርብኝ፤ ባለፈው ሳምንት ደጅዎ ላይ ተቀምጬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያጓራ ስላዳመጥሁት፣ ክረምት ነው በተባለበት ወር እንኳ ዕረፍት ያላገኘ አገልጋይ መሆኑን ተረድቼ አዝኜለታለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። አላህ ጤናዎንና ዕድሜዎን ያብዛልዎ፤ በተለይ ዕድሜዎን፣ አንድ ዓመት ለእርስዎ ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ በዚያው ቀን ነግረውኛልና።

ስሜ ሀምዲያ ከድር ይባላል። የአሥረኛ ክፍሏ የፈሪዳና የስምንተኛ ክፍሉ የሲራጅ እናት ነኝ። ባለቤቴ ኑረዲን መካ ላይ፣ ከኩዳይ መናኸሪያ ወደ ሐረም መስጊድ የዑምራ ተጓዦችን የሚያመላልስ አውቶቡስ ስለሚነዳ፣ ወደ ጅዳ የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። እኔ ደግሞ እዚሁ ጅዳ፣ ሦስት ጎረምሶች ባሏት አንዲት ማዳም ቤት ከማለዳ እስከ ዐሥር ሰዓት እሠራለሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ልሰጥዎ እችል ነበር። ይሁንና በማዕከሉ ደጅ ባለው ሰሌዳ ላይ፣ ከእርስዎ ማስታወቂያ ጎን የለጠፍሁት፣ ሁለቱ ጽሑፎች ጎረቤት ሆነው እንዲተዋወቁ ብዬ ነው።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ትንሽ ጉራ ይፈቀድልኝ። ከሀገር ቤት እኅቶቻችን አውሮፕላን ሞልተው በየሳምንቱ በሚወርዱበት በዚህ ዘመን፣ ለአዳዲሶቹ ሥራና ቋንቋ የማስተምረው እኔ ነኝ። ዓርብ ዓርብ መውጣት የተፈቀደላቸው ቤቴ ይሰበሰባሉ፤ «ኡስታዛ» ብለው ይጠሩኛል፤ እኔም ስጠራ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። «ሺታ» ማለት ማዳም ብርድ ልብሱን ከቁም ሳጥን አናት የምታስወርድበት ወቅት ነው ብዬ፣ እስከ አሁን ሠላሳ ለሚሆኑ ሴቶች ያስረዳሁት እኔው ነኝ። ኡስታዛዋ የት እንደወደቀች ከታች ያገኙታል።

አንደኛ፤ ማስታወቂያዎ። በኅዳር ወር የለጠፉት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የአሥረኛ ክፍል ተፈታኞች ምዝገባ የክረምት ዕረፍት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ይካሄዳል፤ ወላጅ በአካል ቀርቦ ይፈርማል።» ቀን የለውም። እንደሰማሁት ኮሚቴያችሁ በሂጅራ እንጻፍ፣ በፈረንጅ እንጻፍ፣ በሀገር ቤት እንጻፍ ብሎ ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ ስላልተስማማ፣ ለሰላም ሲባል ቀኑ እንዲቀር ተወስኗል። ሰላማችሁን ስላስቀደማችሁ አመሰግናለሁ። በቁጥሩ ፈንታ የተመረጠው ቃል «ክረምት» መሆኑ ግን፣ የዐረቡን ሺታ፣ የጥሩን የብርድ ወቅት፣ ወደ አማርኛ ሲያሻግሩ የአማርኛው ሰው ከየት እንደመጣ ለመርሳትዎ ምስክር ነው።

እኔ ከሚሴ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ክረምት ሲባል የማውቀው ሰኔ ግም ሲል የሚጀምረውን፣ ቦርከና ሞልቶ ሰው ማዶ ለማዶ የሚጣራበትን፣ ተማሪ ደብተሩን አስቀምጦ አባቱን በእርሻ የሚያግዝበትን ጊዜ ነው። ጥር ለእኔ እህል የሚወቃበት በጋ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያዎን ሁለቴ አንብቤ፣ ምዝገባው ሐምሌ ላይ ነው ብዬ በእርጋታ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ፈተናው ግንቦት ላይ እያለ ምዝገባው ሐምሌ ላይ እንዴት ይሆናል ብዬ አለመጠየቄ የእኔ ድርሻ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ስሠራ የተባልሁትን ማድረግ እንጂ መጠየቅ አልለመድሁም፤ ይህንንም እንደ ማዳም ትእዛዝ ተቀበልሁት።

ሁለተኛ፤ ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ እርስዎ እንደ ታዛቢ ብቻ ያንብቡት። በማዳሜ ቤት ሺታ መግባቱን ከሁሉ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ሙቀቱ ወደ ሃያ ሁለት ዲግሪ ሲወርድ ሦስቱ ጎረምሶች እንደ በረዶ ሀገር ሰው ተጀቡነው ይወርዳሉ፤ እኔም ትኩስ ወተታቸውን አቀርባለሁ፣ ካልሲያቸውን እፈልጋለሁ፣ በረሃ ወጥተው ለሚያድሩበት ድንኳንና ምንጣፍ አዘጋጃለሁ። የሦስቱንም የፈተና ፕሮግራም በምግብ ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍሁት በገዛ እጄ ነው። መካከለኛው ልጅ ሒሳብ የሚፈተነው ማክሰኞ መሆኑን እናቱ እንኳ የምትጠይቀው እኔን ነው። ታዲያ ይህቺ ሺታን ከነካልሲው የምታውቅ ሴት፣ ያው ሺታ የሀበሻ ልብስ ለብሶ በአማርኛ ሲመጣባት አላወቀችውም። ስቀውብኝ ከሆነ ቅር አይለኝም፤ እኔም የሳቅሁት ብቻዬን ሆኜ ነው፣ ጥሩ ሳቅ ግን አልነበረም።

ሦስተኛ፤ የመካው ሽርሽራችን። ጥር ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማዳሜ አንድ ሳምንት ፈቀደችልኝና፣ ልጆቼን ይዤ ኑረዲን ወደተከራያት ሚስፈላ ሰፈር ወዳለች ጠባብ ክፍል ሄድሁ። ዑምራችንን አደረግን፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ያለቀው በሲራጅ ጃኬት ነው። ልጁ ጓደኞቹ ሁሉ ለብሰዋል ብሎ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ካልተገዛልኝ አለ፤ የሚስፈላን ሱቆች ሁሉ ዞርን፤ ተገዛለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላቡ በጀርባው እየወረደ «ብርድ ነው» እያለ ይሄዳል። እኔም አብሬው ስዞር፣ የእርስዎ መዝገብ ጅዳ ላይ ክፍት ሆኖ ስሜን ሲጠብቅ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ማዳሜ ደወለች። የእኅቷ ሠራተኛ ወደ ሀገሯ ስለገባች፣ ልጅሽ ደርሳለችና እኅቴን ታግዛት አለችኝ። እዚህ ሀገር እንደመኖርዎ ያውቁታል፤ ማዳም እምቢ አትባልም፤ ኢንሻአላህ ትባልና ነገሩ እስኪረሳ ይጠበቃል። እኔም ኢንሻአላህ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ስልኬ ጎረቤት ድረስ የሚሰማ ነው፤ ፈሪዳም አጠገቤ ሻይ እየቀዳች ነበር። ብርጭቆዬን አቀበለችኝና፣ «እማ፣ ክረምት ገብቷል እኮ፤ ምዝገባውስ?» አለችኝ። እኔ ኡስታዛዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁና፣ ዝናቡ የታለ፣ ምን አስቸኮለሽ፣ ክረምት ገና ነው ብዬ ሳቅሁባት። ልጄ ትክ ብላ አየችኝና «ኻላስ» አለች። የዘንድሮ ልጅ ያለ ክርክር እሺ ስትል እንዴት ደስ ይላል ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።

በማግስቱ ደግሞ ራሷ መጥታ ጀለቢያ አተኳኮስ አሳዪኝ አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ የራሷን ቀሚስ እንኳ የምተኩስላት እኔ ነበርሁ። በአባቷ የጁሙዓ ጀለቢያ አስተማርኋት፤ መጀመሪያ ኮሌታ፣ ቀጥሎ እጅጌ፣ ደረቱ መጨረሻ። አንድም ቦታ ሳታጨማድድ ተኮሰችው። ልጃችን ሰው ሆነች ብዬ ለኑረዲን አፌን ሞልቼ ተናገርሁ፤ እሱም ለብሶት እስከ ሐረም ድረስ ደረቱን ነፍቶ ሄደ።

አራተኛ፤ ወደ ጅዳ እንደተመለስን የሆነው። ባለፈው ሳምንት ስለ ሲራጅ ውጤት ልጠይቅ ብዬ ወደ ማዕከሉ ስመጣ፣ የተመዘገቡት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ስም በሩ ላይ ተለጥፎ አየሁ። ሠላሳ አንድ ስም ነው። ከላይ ወደ ታች ፈለግሁ፤ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ፤ በስሕተት በአያቷ ስም ተጽፋ ይሆናል ብዬ እንደገና ፈለግሁ። ከማቀዝቀዣው ድምፅ ጋር ሁለት ሰዓት ቆይቼ ስገባ፣ እርስዎ በሙሉ ትሕትና ክረምት አልፏል አሉኝ። እኔም በሙሉ ሞኝነት በመስኮትዎ ወደ ሰማይ አየሁ። ደንብ ደንብ ነው አሉኝ፤ አንድ ዓመት ነው፣ ትንሽ ትረፍ፣ ለሚመጣው ዓመት ትመዘገባለች አሉኝ። ለኑረዲን ስደውልለት ደግሞ የማስተማሩን ነገር ለአንቺ ለኡስታዛዋ ትቼው ነበር ብሎ ስልኩን ዘጋ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ዕረፍቱ አመሰግናለሁ። ግን በእኛ ሰፈር አሥራ ስድስት ዓመት የሞላትና ትምህርት ቤት የማትሄድ ልጅ ዐርፋለች አትባልም፤ ነጻ ናት ነው የምትባለው። የማዳሜ እኅት ቅዳሜ ዕለት ራሷ ደውላ ነጻ መሆኗን ጠይቃለች። ዓርብ ዓርብ ከማስተምራቸው ውስጥ ሁለቱ አሥረኛ ክፍልን ያቋረጡት ለአንድ ዓመት ብቻ ብለው ነበር። እኔ ራሴ ከከሚሴ ስወጣ ለእናቴ የነገርኋት ሁለት ዓመት ብዬ ነው። ልጄ የሰው ልጆችን የፈተና ቀን በሰው ማቀዝቀዣ ላይ ስትለጥፍ እንዳላይ እፈራለሁ፤ ይህን ስጽፍ ቀልዴ ሁሉ አልቆብኛል።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዝርዝሩን ደጋግሜ ስላነበብሁት በሚገባ አውቀዋለሁ፤ ከሠላሳ አንደኛው ስም በታች አንድ ባዶ መስመር አለ። ወረቀቱም ገና ከጅዳ እንዳልወጣ፣ እሑድ እንደሚላክ ጸሐፊዎ ነግራኛለች። በዚያች መስመር ላይ «ፈሪዳ ኑረዲን» ተብሎ ቢጻፍ ማንንም አይገፋም። እኔም በአካል ቀርቤ፣ ኮሚቴው እንዳይጣላ በሦስቱም አቆጣጠር ቀን ጽፌ እፈርማለሁ። የግድ የሚቀጣ ሰው ካስፈለገ እኔን ቅጡኝ፤ ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ የአማርኛ ፈተና ልውሰድ፤ ወቅቶችን በሚመለከት ጥያቄ ከመጣ ግን የእርስዎን መልስ ልጻፍ ወይስ የከሚሴን፣ አስቀድሞ ይነገረኝ።

ሁለት ክረምት በአንድ ዓመት ለሰጡኝ፣ በአንዱም ልጄን ላልመዘገቡልኝ ለእርስዎ፣ ከአክብሮት ጋር ጎንበስ ብዬ የምሰናበት፣

በማዳም ቤት ሰዓት አክባሪ፣ በቤቷ ዘግይታ የነቃች፣ የእርስዎ ታዛዥ
ሀምዲያ ከድር (የቀድሞ ኡስታዛ)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በንጹሕ ወረቀት የገለበጠችልኝ ፈሪዳ ናት፤ የእኔን ጽሕፈት ከእሷ ሌላ የሚያነበው የለም። የጀለቢያው ቦታ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ «እማ፣ ታዲያ አልሰጠሽኝም ማለት ነው?» አለችኝ። ለካ ያን ቀን ለማዳሜ ኢንሻአላህ ስል እሺ ያልሁ መስሏታል፤ ክረምት ገና ነው ስላትም ምዝገባውን ሆን ብዬ ያስቀረሁባት መስሏታል፤ ካውያ መያዝ የተማረችው ለሰው ቤት ራሷን ስታዘጋጅ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን በሆዷ ይዛ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ በልታለች። አልሰጠሁሽም፣ አልሰጥሽምም ብዬ አቀፍኋት፤ ለማዳሜም ያኔውኑ ደውዬ፣ በአሥራ ሰባት የሥራ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም አልኋት። አሁን የቀረው የእርስዎ መልስ ነው። እባክዎን እሺ ወይም እምቢ ይበሉኝ፤ ኢንሻአላህ እንዳይሉኝ ብቻ አደራ።