ግዙፉን ኮከብ የምትነቀንቀው

ውድ አባባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ንዴቴ ብቻ አልበረደልኝም።

ለአረፋ ሰርቦ ቤታችን ስመጣ፣ ሐጂ ቲጃኒ ለልጃቸው ለሀቢቡላህ ሊጠይቁኝ ሽማግሌ ይዘው እንደሚመጡ ማንም አልነገረኝም። እርስዎ ጠርተው ፊታቸው አስቀመጡኝና፣ «እስቲ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደምትማሪ ንገሪያቸው» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ የኮሩብኝ መሰለኝ። ስለ አንድ ግዙፍ ኮከብ ነገርኳቸው፤ ፀሐይ አጠገቡ ብትቀመጥ የቡና ፍሬ እንደምታክል፣ ዕድሜው ሲገፋ እያበጠ እንደሚሄድ፣ በዙሪያውም ስለምትዞር አንዲት ፕላኔት።

እርስዎ ሳቁ። «ታዲያ ይኼ እኔና አንቺ አይደለን እንዴ? ከኔ ዙሪያ ወዴት ትሄጃለሽ?»

«ዱጋ! እውነት ነው ሸኩር!» ብለው ሐጂ ቲጃኒ ጭናቸውን መቱ።

ወዲያው ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጡት፣ ኒካሕ የሚያስሩት ሼህ አብደላ ወደ እኔ ዞረው፣ «ኢንታሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ለሀቢቡላህ ብንሰጥሽ ምን ትያለሽ?» አሉ። ደነገጥኩ፤ አንገቴን ደፋሁ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ተብዬ ያደግኩ ልጅ ምን ልበል? «የልጃገረድ ፈቃዷ ዝምታዋ ነው» አሉና ፋቲሐ ተቀርቶ ተመረቀ፤ የኒካሑም ቀን ለጥር ተቆረጠ። ሀቢቡላህ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ትምህርቴን ትቼ ከአባቱ የቡና መፈልፈያ ጀርባ ካለው ቤት እንድገባለት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ እሱን አልፈልገውም። ይኸው ነው።

አባባ፣ ሳያስጨርሱኝ ነው የሳቁት። ያችን ፕላኔት እስካሁን በዓይኑ ያያት የለም። የታወቀችው በኮከቡ ነው። እሱ ሲስባት እሷም ትስበዋለች፤ ያን የሚያህል ኮከብ በእሷ ምክንያት ወዲያና ወዲህ ይላል። ልጅ ሳለሁ ወባ ቢይዘኝ፣ የተሰጣ ቡናዎን ለዝናብ ጥለው ጅማ ድረስ ይዘውኝ የሮጡት እርስዎ አይደሉም? ያን ጊዜ ማን ማንን ጎተተ?

እወድዎታለሁ፤ በዚህ ግን አልታዘዝዎትም። በጥር ኒካሑ ሊታሰር ሲል ሼህ አብደላ ፈቃዴን ደግመው ይጠይቁኛል። ያኔ ደጅ የተቀመጠው ሁሉ እስኪሰማ «አልፈቀድኩም» እላለሁ። ሰው ፊት እንዳላዋርድዎት ከፈሩ፣ ለሐጂ ቲጃኒ ከአሁኑ ይንገሯቸው።

ለሰርጉ የገዙትን ሰንጋ ግን እንዳይሸጡት። እስከ ሐምሌ ይሰባ፤ ስመረቅ እናርደዋለን።

እምቢ ያለችው ልጅዎ
ዩምና

ቦሳ ኪቶ፣ ጅማ
ታኅሣሥ 2002 ዓ.ም.